የደብሩ ዛፍና የደጃችን ዛፍ

የላንግሊ ፓርክ አድማጮቻችን፣ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ አውቶቡስ የምትጠብቁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ፣ አንዴ ቀና በሉ። አጠገባችሁ ዛፍ አለ።

አሁን ደግሞ ሀገር ቤት፣ ደቡብ ጎንደርን አስቡ። ዙሪያው እርሻ ነው፣ ግጦሽ ነው። ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ ደብር አለ። ወይራው አለ፣ ጥዱ አለ። ዛፉ የደብሩ ልብስ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ አይቆርጠውም። ግን ከብት ይገባ ነበር። ችግኙን ይረግጥ፣ ይበላ ነበር። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን አይተው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መከሩ። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ለቀመ። ድንጋዩን ተሸከመ። በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። ከካቡ ወዲያ ችግኙ ቀና አለ።

ያ ደን የአንድም ገበሬ የግል ንብረት አይደለም። ግን ሁሉም የኔ ነው አለ። እዚህ ላንግሊ ፓርክ የሚጎድለን ይህ ስሜት ይመስለኛል። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ዛፉ የካውንቲው ነው እንላለን። ጥላው ግን ለእኛ ነው። የምንተነፍሰውም ከእሱ ጋር ነው፤ ዘመዳችን ነው።

ማታ ስትመለሱ በደጃችሁ የተተከለውን ችግኝ እዩት። አፈሩ ደርቆ ከሆነ አንድ ባልዲ ውሃ አጠጡት። ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ይውጡ።