አጥር ስናስፈርስ የሠራተኛውን ሐቅ እንጠብቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ክረምቱ ሲወጣ በሶዶም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ብዙ ሰው አጥሩን ማየት ይጀምራል። የባሕር ዛፉ ቋሚ ከሥሩ በስብሷል፤ ማገሩን ምስጥ በልቶታል፤ ቆርቆሮው ዝጓል። አሮጌው ተነሥቶ በብሎኬት ይተካ ይባላል። ለማፍረሱም ጠዋት ሥራ ፍለጋ ከቆሙት ወጣቶች ሁለት ሦስቱ ይጠራሉ። ወላይታ ሕዝብ የበዛበት፣ የቤተሰብ መሬት የጠበበበት አገር ስለሆነ ከገጠር ቀበሌ ለቀን ሥራ የሚወጣው ወጣት ብዙ ነው። ጠሪውም፣ "ግድ የለም፣ አፍርሱት፤ በሒሳቡ በኋላ እንስማማለን" ይላል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህች "በኋላ" ከምትባል ቃል ነው። ጠዋት ሠራተኛው ዋጋው ካልተስማማው ትቶ መሄድ ይችላል። ማታ ግን አጥሩ ወድቋል፣ ጉልበቱ አልቋል፤ የሰጡትን ከመቀበል ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ሲቀጠሩ ውሉ የታወቀው ከሥራው በፊት ነበር። 8 ዓመቱ ግዴታ፣ 10 ቢሞሉ ግን በፈቃዳቸው እንደሆነ በሱረቱል ቀሶስ ተነግሮናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሙስሊም አልነበረም። ነገር ግን ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላም በሰውር ዋሻ እንዲገናኛቸው ተስማሙ። እኛ ዘንድ ለሥራ የሚመጣው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ሃይማኖቱ ስለተለየ ሐቁ አይጎድልም።

እንግዲያው የመጀመሪያው ቋሚ ከመነቀሉ በፊት እንነጋገር። ሥራው በቁርጥ ነው ወይስ በቀን? የተቀበረውን ጉቶ ማውጣት፣ ጉድጓዱን መድፈን፣ ፍርስራሹን መጫን አብሮ አለበት? አንዳንዱ "ዋጋህ የሚወጣው እንጨት ነው" ይላል። መጠኑ ሳይታወቅ ከራሱ ከሥራው በሚገኝ ነገር መክፈልን ብዙ ዑለማእ ከልክለዋል፤ የፈቀዱም አሉ። ከክርክር የሚያድነን ዋጋውን በብር መቁረጥ፣ እንጨቱን መስጠት ከፈለግንም በላዩ ስጦታ ማድረግ ነው።

የሰው አካልም አማና ነው። በአሮጌ አጥር ውስጥ ሚስማርና የተቀደደ ቆርቆሮ አለ። በአፈር የቆሸሸ ሚስማር የወጋው ሰው በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ጓንትና ዲጂኖ እናቅርብ፤ ሠራተኛው ከቆሰለም ቁስሉን አሳጥበን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን እናሳክመው። ርካሽ ነው ብለን ሕፃን ልጅ ለዚህ ሥራ አንጥራ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ሌላም አለ። አጥሩ ሲነሣ ወሰኑ አብሮ እንዳይነሣ ጎረቤት ቆሞ ይይ። አንድ ስንዝር መሬት በዙልም የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን እስከ ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበት ነቢያችን አስጠንቅቀዋል። ምንም የማያውቀውን ሠራተኛ የዚህ ኃጢአት መሣሪያ አናድርገው።

ሥራው ሲያልቅ "ብር አልዘረዘርኩም፣ ነገ ተመለስ" አንበል። የነገ መመለሻ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍልለታል? እቤት እራት የሚጠብቁትስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዘዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስም፣ ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተሟጋቹ አላህ ራሱ ነው። በዚያ ችሎት ማን ይረታል?

ሠራተኛ ወንድሞችም አማና አለባችሁ። የተስማማችሁበትን ሳታጎድሉ ሥሩ፤ ያልተሰጣችሁን ሚስማርና ቆርቆሮ አትውሰዱ።

በዋሻ ውስጥ ቋጥኝ የተዘጋባቸውን የሦስቱን ሰዎች ታሪክ ታውቃላችሁ። አንደኛው ዋጋውን ሳይወስድ የሄደ ሠራተኛ ነበረው። ገንዘቡን ነግዶ አበዛለት፤ ሠራተኛው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲመጣም የበዛውን ከብት ሁሉ አስረከበው። አላህ በዚህ ሥራው ዱዓውን ተቀብሎ ቋጥኙን አነሣለት። እኛ የምንጠየቀው የአንድ ቀን ዋጋ በዕለቱ እንድንሰጥ ብቻ ነው።

አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።