የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠባበቁ ቤተሰቦችና የልጆቻቸው ትምህርት
(በቱሉ ዲምቱ ለማኅበራችን አባላት ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከሲሚንቶና ከብረት፣ ከመንገድና ከድልድይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ውጭ ሀገር ያልሄደበት ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። የምንሰበሰብባት ቱሉ ዲምቱም የመንገደኛ ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የሚኖረውም ሕዝብ ከሌላ ሰፈር ተነሥቶ የመጣው ይበዛል። ከመካከለኛው ከተማ ወደዚህ ስንዛወር ያሳሰበን የውሃና የመብራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ «ልጆቹ የት ይማሩ?» የሚለው ጥያቄ ጭምር እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ያስጨነቀን ጉዳይ፣ ሕጉም ቋንቋውም በማይታወቅበት ሀገር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ገና ሳይገኝ ሲገጥም ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድና የልጅ ትምህርት ቤት መግባት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንደኛው እስኪፈጸም ድረስ ሁለተኛውን ማቆየት አይገባም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው መሐንዲስ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አመለከተ። «ወረቀታችሁ ሳይወጣ ስማችሁ በትምህርት ቤት መዝገብ ቢገባ ጉዳት ያመጣባችኋል» የሚል ምክር ከሀገር ልጅ ሰማ። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም መሠረት አልነበረውም። በዚህ የተነሣ ልጆቹ ከመስከረም እስከ ግንቦት ከቤት ዋሉ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ወላጆቿ ሥራ ሲሄዱ ታናሽ ወንድሟን ትጠብቅ ነበር። የተጠበቀው ወረቀት ግን በዚያም ዓመት፣ በሚቀጥለውም ዓመት አልመጣም። ልጅቷ በመጨረሻ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያስቸገራት በእኩዮቿ መካከል ወደ ኋላ የቀረች መሆኗ ነበር።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ነገር በሙያችን እናውቀዋለን። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው በኋላ የቢሮ ፊርማ አይጠብቅም፤ በሰዓቱ ካልፈሰሰና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ካልጠጣ በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤ የጎደለውን ጥንካሬ አይመልስም። የልጅነት ዕድሜም እንደዚሁ ነው።

ሕጉን እንመልከት። በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ሕግ፣ ያለ ፈቃድ የገቡ ልጆችን የትምህርት አስተዳደሮች እንዳይቀበሉ ፈቅዶ ነበር። በታይለር ከተማ የነበረው አስተዳደር ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 1,000 ዶላር ይጠይቅ ጀመር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 በ5 ለ4 ድምፅ የቴክሳስ ሕግ ተሻረ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬናን ሲሆኑ፣ ዋናው ሐሳብም ወላጆች ለፈጸሙት ነገር ልጆች መቀጣት የለባቸውም የሚል ነበር። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን በር ለመዝጋት በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ውሳኔ በፍርድ ቤት ታግዷል። ፈጽሞ ፈቃድ ለሌለው ልጅ በሩ ከተከፈተ፣ በሕግ አመልክቶ መልስ ለሚጠባበቅ ቤተሰብ ልጅማ የሚያጠራጥር ነገር የለም።

በሌሎችም ሀገሮች ተመሳሳይ ድንጋጌ ይገኛል። የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ ከጥቂት በስተቀር በሀገሪቱ የሚገኙ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የተለየ የተማሪ ፈቃድ ሳይጠየቁ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ እንዲማሩ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ጥገኝነት የጠየቁ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ ከሦስት ወር በላይ እንዳይዘገይ ወስኖ ነበር፤ በ2024 የወጣው መመሪያ ይህንኑ ወደ ሁለት ወር አሳጥሮታል።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ልጁ የገባበት የቪዛ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። በወላጁ የተማሪነት ወይም የሠራተኝነት ቪዛ ተከትሎ የገባ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ሊማር ይችላል። ራሱ በተማሪ ቪዛ የሚገባ ልጅ ግን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲማር አይፈቀድለትም፤ ሁለተኛ ደረጃም ቢሆን ከ12 ወር ላልበለጠ ጊዜና ሙሉውን ወጪ ከፍሎ ነው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት መጀመሩም የቪዛውን ግዴታ ያፈርሳል። ስለዚህ «ልጁን አስቀድመን እንላከው፤ እኛ እንከተላለን» የሚል አሳብ ያለው ቤተሰብ፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ልዩነት ከሕግ ዐዋቂ መረዳት ይገባዋል።

ወደ ተግባሩ ልለፍ። ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ የልጁን ዕድሜ፣ የቤተሰቡን አድራሻና የክትባቱን ማስረጃ።

ዕድሜን በተመለከተ የእኛ ችግር የዘመን አቈጣጠሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተደንግጎ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራው በመላ ሀገሪቱ ተጀምሯል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘትም ቀድሞ ከነበረው ተሻሽሏል። ይሁንና መስከረም 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቈጣጠር የተወለደው በሴፕቴምበር 21 ቀን 2015 ነው። ተርጓሚው ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጥ «2008» ብሎ ቢጽፈው፣ ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ያረጃል። ቀኑም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድ ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ በቨርጂንያ ግን እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ከላይ የጠቀስነው ልጅ በአንደኛው ዘንድ በዚያው ዓመት ይገባል፤ ወንዝ ማዶ ቢሆን ግን አንድ ዓመት ይጠብቃል። በተጨማሪም የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱ፣ በልደት ወረቀቱና በትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም የማይመሳሰልበትን ምክንያት የማያውቅ መዝጋቢ ጥያቄ ቢያነሣ ሊያስቀይመን አይገባም።

አድራሻን በተመለከተ፣ አዲስ የሄደ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ ስለሚቀመጥ በስሙ የኪራይ ውልም ሆነ የመብራት ሒሳብ አይኖረውም። ብዙ አስተዳደሮች የባለቤቱን የጽሑፍ ማረጋገጫ ይቀበላሉ። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣውና ማኪኒ-ቬንቶ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ፣ ቤት በማጣት ወይም በኑሮ ችግር ከሰው ቤት የተጠጉ ልጆች ወረቀታቸው ባይሟላም ወዲያውኑ እንዲመዘገቡ ታዝዟል። ይህን የሚያውቅ ወገናችን ጥቂት ነው።

የክትባት ካርድ ደግሞ ከቤት ሲወጣ መረሳት የሌለበት ሰነድ ነው። በሀገራችን የሚሰጠው መደበኛ ክትባት አሜሪካ የምትጠይቀውን ሁሉ አይሸፍንም፤ ለምሳሌ የጆሮ ደግፍ ክትባት በዚህ አይሰጥም። ካርዱ ያለው ልጅ የጎደለውን ብቻ ይከተባል፤ ካርዱ የጠፋበት ግን የተከተበውን ሁሉ እንደ ገና ሊጀምር ይችላል።

ልጁ ከገባ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ቋንቋ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ ላይ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ምንም እርዳታ ሳይሰጡ ከሌሎች ጋር ማስቀመጥ እኩልነት እንዳልሆነ ፈርዷል። ወላጅ ይህን እርዳታ ሲጠይቅ መብቱን እንጂ ችሮታ እየለመነ አይደለም። የዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ጽሑፎቿን ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በቤት ግን አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን ወይም ትግርኛውን ማቆም እንግሊዝኛን አያፋጥንም፤ ልጁን ከአያቱ ጋር የሚያነጋግረውን ድልድይ ያፈርሳል እንጂ።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከላይ የተጠቀሰው የ1982 ፍርድ የሚጠብቀው እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ያልደረሰለት ወጣት የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ አያገኝም፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያውም እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ ለእንደነዚህ ያሉ ተማሪዎች የነዋሪ ክፍያ ፈቅዳለች፤ ሁሉም ግን እንዲህ አላደረጉም። ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው ከወላጁ ማመልከቻ ሊወጣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ አንዳንዶቹን ቢጠብቅም ሁሉንም አያድንም። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚቀጥሉትን ስድስት ዓመታት እንደ ማንኛውም የሥራ ፕሮግራም በወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት አለበት።

በመጨረሻ ወደ ሀገራችን ልመለስ። አዲስ አበባ ራሷ ከጎረቤት ሀገሮች የመጡ ስደተኞች ከተማ ናት። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያውያን እንዲታዩ ደንግጓል። ለልጆቻችን በሰው ሀገር የምንመኘውን መልካም አቀባበል፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ደጃፍ ለሚቆም የባዕድ ልጅ መንፈግ አይገባንም። የወላጅ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ ሁሉ ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ።

ማኅበራችን ለሚሄድ አባል የመሸኛ ግብዣ ማድረግ ልማዱ ነው። ልማዱ መልካም ነው። እኔ የማሳስበው ከግብዣው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት እንድንጨምርበት ነው፤ የትኞቹ ሰነዶች እንደሚያስፈልጉ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት መሄድ እንደሚገባ የሚገልጽ። ወረቀቱን ለማዘጋጀት እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ቀደም ሲል የሄዱ አባሎቻችንም ያዩትን ጽፈው ቢልኩልን ለሚከተሏቸው ልጆች ትልቅ ውለታ ይሆናል።