የማያልቅ መስከረም
በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል



የንግግሬ ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የኮምፒዩተር ነገር ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የእኛው የመምህራን ጉዳይ ነው። ይኸውም፥ ነባሩ ሰው አዲስ ገቢውን በምን ዐይነት ቃል ይቀበለዋል የሚል ጥያቄ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሸንጎ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ በጽሑፍ ብቻ ለሚነጋገሩበት ስፍራም የተገባ ነው። የዚህን ስፍራ ታሪክ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሰሜን ካሮላይና፥ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ ሁለት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮምፒዩተሮች መካከል ጽሑፍ የሚተላለፍበትን አንድ ዘዴ አሰቡ። አንዱ ኮምፒዩተር ለሌላው በስልክ መስመር እየደወለ የተጻፈውን ያቀብለዋል፤ ያም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ስሙም ዩዝኔት ተባለ። ጽሑፎቹ በየርእሳቸው የተከፈሉ ስለ ነበሩ፥ አንድ ሙያ ያላቸው ሰዎች በሩቅ አገር ሆነው እንኳ ይመካከሩበት ነበር። ለሁሉ የበላይ የሆነ አዛዥ አልነበረውም፤ ሥርዐቱን የሚጠብቀው ይልቁንም ልማድ ነበር።

ልማዱም ከችግር የተወለደ ነው። የሰው ፊትና የድምፅ ቃና በማይታወቅበት ስፍራ ቀልድ እንደ ቍም ነገር፥ ምክር እንደ ስድብ ይቈጠራል። በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ጭንቁ ይብሳል፤ የማያውቁትን ሰው «አንተ» ቢሉት ድፍረት፥ «እርስዎ» ቢሉት መራቅ ሊመስል ይችላልና። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ዓ.ም. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መምህር ስኮት ፋልማን፥ በዩኒቨርሲቲያቸው የኮምፒዩተር መልእክት ሰሌዳ ላይ ቀልድ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነጥብ፥ ሰረዝና ቅንፍ አስከትሎ ፈገግ ያለ ፊት እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ምልክቱም ከዚያ ወጥቶ በብዙ ስፍራ ተለመደ። የዩዝኔት ነባሮችም አንድ ዐይነት ጥያቄ ሲደጋገምባቸው ጊዜ፥ ዘወትር የሚጠየቁትን ከነመልሳቸው ጽፈው በየጊዜው ያወጡ ጀመር።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲገባ፥ ይህም ወር ከእኛ መስከረም ጋራ የሚገናኝ ነው፥ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አዳዲስ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። ከእነርሱም ዩዝኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ያለ ስፍራው ይጠይቁ፥ ያለ ልክ ይጽፉ ነበር። ነባሮቹ ግማሹ እየገሠጸ፥ ግማሹ እየመከረ ልማዱን ያስተምሯቸዋል። ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ጸጥታው ይመለሳል፤ የዘንድሮው እንግዳም ለከርሞ አስተማሪ ይሆናል።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን አሜሪካ ኦንላይንን የመሳሰሉ የንግድ ኩባንያዎች በሩን ለደንበኞቻቸው ከፈቱት። «እንግዳ ደራሽ፥ ውሃ ፈሳሽ» እንዲሉ፥ የመጣው ሕዝብ ወር አልጠበቀም፤ በየቀኑ ይገባ ነበር። ነባሮቹም ዘመኑን በምሬት «የማያልቅ ሴፕቴምበር» ብለው ሰየሙት፤ በእኛ አነጋገር የማያልቅ መስከረም ማለት ነው።

ብዙዎች እንግዶቹ ባለጌዎች ስለ ነበሩ ጉባኤውን አበላሹት ብለው ይፈርዳሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የቀድሞዎቹ ተማሪዎችም በገቡበት ቀን ልማዱን የማያውቁ ነበሩ። የጐደለው የእንግዳው ጠባይ ሳይሆን የማስተማሪያው ጊዜና የአስተማሪው ቍጥር ነው። ሰባ ወይም ሰማንያ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀብሎ የሚያስተምር መምህር ይህን ያለ ማብራሪያ ያስተውለዋል።

በኦክቶበር 1995 ዓ.ም. ይህ ልማድ ተሰብስቦ፥ የኢንተርኔት ደንቦች በሚወጡበት ተራ ቍጥር 1855 ሆኖ በጽሑፍ ወጣ። አዲስ ገቢ ሰው ከመጻፉ በፊት አንድ ወይም ሁለት ወር የሌሎቹን ጽሑፍ እንዲያነብ፥ የተቈጣም ሰው መልሱን ሳይልክ እንዲያሳድር ይመክራል። በወዲያ ማዶ ያለው አንባቢ ሰው መሆኑንና ባህሉም የተለየ ሊሆን እንደሚችል ያሳስባል። ለዛሬ ተማሪዎቻችንም የሚበጅ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ ልማዱ ራሱ ክፉ የሆነ እንደ ሆነስ? ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፥ ኦገስት 25 ቀን 1991 ዓ.ም. አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዐት በመሥራት ላይ መሆናቸውን በዩዝኔት አስታወቁ። ይህም ሊኑክስ የተባለው ነው። ሥራው በብዙ አገር ሰዎች ትብብር እጅግ አደገ፤ ነገር ግን የተሳሳተውን ባልደረባ በኀይለኛ ቃል መዝለፍ በዚያ ስፍራ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር። ዝለፋው ሥራውን ያጠራዋል እያሉ የሚከራከሩለት አልጠፉም። በሴፕቴምበር 2018 ዓ.ም. ቶርቫልድስ ስለዚህ አነጋገራቸው በይፋ ይቅርታ ጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አሉ። በዚያው ወር ማኅበሩ አዲስ የምግባር ደንብ ተቀበለ።

በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የጥያቄና የመልስ መድረክም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ነባሮቹ የመልሱን ጥራት ለመጠበቅ ሲሉ የተደጋገመውን ወይም ያልተብራራውን ጥያቄ ይዘጉ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ የብዙ ሰው ድካምም ተጠራቅሞ ለዓለም የሚጠቅም መዝገብ ሆነ። ሆኖም በኤፕሪል 2018 ዓ.ም. መድረኩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ፥ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም አዲስ ገቢዎችና ሴቶች፥ ስፍራውን ፊት የሚነሳ ሆኖ እንዳገኙት በይፋ አመነ። በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ የተባለው መልስ ሰጪ ማሽን ከወጣ ወዲህ ደግሞ በዚያ መድረክ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እጅግ አነሱ። ሰዎች ወደ ማሽኑ የሄዱበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ፈጣንና ቀላል መሆኑም ስቧቸዋል። ሆኖም ማሽን «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ አያሳፍርም።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፥ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ተማሪ ለማሽን የሚያቀርበው ጥያቄ መልሱ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ የሚያርመውም የለም። መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ለእርሱ ብቻ ይቀራል። በክፍል ውስጥ የተጠየቀ ጥያቄ ግን ለመጠየቅ ለፈሩት ለሌሎቹም ይመለሳል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለን እናስተምራለን፤ የጠየቀው ልጅ ሲሣቅበት ዝም ካልን ግን ምሳሌውን በአፋችን ተናግረን በሥራችን ሽረነዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የክፍላችንን የመጠየቅና የመመለስ ሥርዐት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በግልጽ እንንገር፤ ያልተነገረውን ልማድ ስለ ጣሰ ልጅን መቅጣት ፍርድ ማጓደል ነውና። ሁለተኛ፥ የዓምናው ተማሪ ለዘንድሮው አስተማሪ ይሁን፤ ብቻውን የሚያስተምር መምህር በብዛት ይሸነፋልና። ሦስተኛ፥ የተማሪውን ስሕተት ሳንሸፍን፥ ክብሩን እንጠብቅ። ስሕተቱን ማረም ለትምህርቱ ይጠቅማል፤ ልጁን ማዋረድ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ይገድላል።

የዩዝኔት ነባሮች የማያልቅ መስከረም ያሉት በምሬት ነው። ለመምህር ግን አዲስ ሰው መቀበል እንጀራውም ክብሩም ስለ ሆነ፥ መስከረም ባያልቅ የሚያማርርበት ምክንያት የለውም።