ጥሩምባው የማይደርስበት ቤት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ በጽሕፈት ሥራ ኖረን ጡረታ የወጣን ነን። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈምና ንግግራችን አጭር ነው። የምንናገረውም ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ ምክሩ አብዛኛው በጆሮ የሚገባ ነበር። ሬዲዮው ይናገራል፤ ስልክ ስንደውል በጥሪው ድምፅ ፈንታ ስለ በሽታው ምክር እንሰማለን፤ መጠየቅ የፈለገም በ8335 ይደውላል። ታዲያ መስማት የተሳነው ሰው በምን ይስማ? በቴሌቪዥን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቢታይም፣ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት አለ፤ ምልክቱን ያልተማረም አለ። ጭምብል ሲመጣ ደግሞ ከንፈር አይተው ነገር ይረዱ የነበሩት ያችኑ አጡ።

በዕድራችን የሆነውን እንንገራችሁ። መስማት የተሳናቸው አንድ ልብስ ሰፊ አባል አሉን። መዋጯቸው ተጓድሎ አያውቅም፤ መዝገቡን የያዝነው እኛው ነንና እናውቃለን። ያን ሰሞን አንዲት እናት አርፈው ጥሩምባ ነፊያችን «ድንኳን የለም፣ ለቀብር የሚሄዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ሌላው በቤቱ ይቆይ» እያለ ሰፈሩን ዞረ። እሳቸው ግን አስከሬን ሲወጣ አይተው ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እኛም ከሩቅ በእጃችን «ይመለሱ! ይመለሱ!» አልናቸው። ፊታችን ተሸፍኗል፤ ምክንያቱን ማን ያስረዳቸው? ቆም ብለው አዩንና አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃቸው መዋጮ ልትከፍል መጥታ «አባባ ምን አጥፍቼ ነው ያባረሩኝ ይላሉ» አለችን። አፈርን! እሳቸው እኮ ማንበብ ይችላሉ፤ የደንበኛውን ልክ በደብተር የሚጽፉ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካችንን ማስታወቂያ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነፈግናቸው። ቤታቸው ሄደን በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቅን፤ እሳቸውም አቅፈውን ይቅር አሉን።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዛል። ነገር ግን ሕግ በር አያንኳኳም፤ የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው።

ስለሆነም ለስብሰባው የምናቀርበው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ያው ቃል በጉልህ ተጽፎ በዕድሩ በር ላይ ይለጠፍ፤ በስልክም በጽሑፍ ይላክ።

ሁለተኛ፣ ማንበብ ለማይችሉት ቤታቸው ሄዶ የሚያስረዳ፣ የሚግባቡት ሰው ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን የእጅ ፊደሉን ይማሩ። የራሳችንን ሀ ሁ ሂ የተከተለ ነው፤ ፊደሉ በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል።

ወረርሽኝ ነገም ሊመጣ ይችላልና ዛሬ እንወስን። እንደ ልማዳችን ቸር ወሬ ያሰማን፤ ለማይሰሙትም ቸሩን ያሳያቸው።