ዕዳው ተሰርዟል



የሰፈር ሱቅ ዱቤ ያለበትን ሰው ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሱቁ በር አያልፍም። በጓሮ ይዞራል። ጭቃ ቢሆንም ይዞራል። ቢረፍድበትም ይዞራል። ባለሱቁ እንዳያየው ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ ሄዶ ዕዳውን ከፈለለት እንበል። ባለሱቁም ስሙን ከደብተሩ ሰረዘ። ሰውየው ይህን ሰምቷል። በማግስቱም ግን በጓሮ ዞረ። ጆሮው ሰምቷል፤ እግሩ አልሰማም።

ብዙዎቻችን በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ ነን። ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ ብለን እናምናለን። ትናንት ስላጠፋነው ግን ዛሬ ጠዋት ለመጸለይ እናፍራለን። ትንሽ ልስተካከልና እቀርባለሁ እንላለን። ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ትሕትና አልለውም። የተከፈለውን እንዳልተከፈለ መቁጠር ነው።

በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አስቡት። የሚስተካከልበት ጊዜ አልነበረውም። የበደለውን ሰው ሄዶ አልካሰም፤ መስቀል ላይ ነው። እንዲያስበው ብቻ ለመነ። በዚያው ዕለት ገነት ተሰጠው።

ታዲያ እንደ ልባችን እንኑር የሚል አይጠፋም። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ አጥብቆ ተቃውሞታል። ምሕረት ያገኘ ሰው የበደለውን ለመካስ ድፍረት ያገኛል እንጂ አይዘናጋም።

ምናልባት ትናንት ማታ በልጃችሁ ላይ ክፉ ቃል ከአፋችሁ ወጥቶ ይሆናል። ሳታድበሰብሱ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ከዚያም ልጁን ይቅርታ ጠይቁት፤ ትምህርት ቤት ሳይሄድ።