ቤታችንን ከእርጥበት ስለ መጠበቅ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ለቅሶ ያስተናግዳል። ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰው ሳይታመም በፊት ልንሠራው የምንችል፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ አለ። እሱም ቤታችንን ከእርጥበት መጠበቅ ነው።

እንደሚታወቀው የባሌ ደጋ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው። ገበሬው ገናና ቦና እያለ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርተውም በዚሁ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ የሰነቴ ብርድ ሲጨመርበት ቤታችን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በደንብ ሳይደርቅ ይከርማል። ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን የሚወርድ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እዚያ ቆላ ነው፣ የታጠበ ልብስ ወዲያው ይደርቃል። እዚህ ግን ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎም እርጥብ ነው።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል ቢሉ ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛ ከመሬት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ሁለተኛ ከሚያፈስ ጣራ ነው። ሦስተኛ ከራሳችን ነው፤ ትንፋሻችን፣ የድስቱ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ውሃ ነው። ሞቃት አየር እንፋሎቱን ተሸክሞ ሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳ ጠብ ጠብ ያለ ሁሉ ጣራው ተበስቶ አይደለም።

ምንጩን ለመለየት አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ አንድ ቀን ማቆየት ነው። ውሃው ከላስቲኩ ሥር ከታየ ከግድግዳው፣ ከላዩ ከታየ ከቤቱ አየር መጥቷል ማለት ነው።

ጉዳቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ አስምና የመተንፈሻ ሕመም እንደሚበዛ ገልጿል። እኔም በጸሐፊነት ስሠራ፣ ግድግዳ የተጠጋው መደርደሪያ ላይ ያለው ፋይል ሲሻግት መሐል ክፍሉ ያለው ደህና ይሆን ነበር። ወረቀት ይህን ከሆነ፣ አልጋው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሕፃን ሌሊቱን ምን እንደሚተነፍስ እናስብ።

እንግዲህ መፍትሔው እነሆ፦

1ኛ/ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማራቅ፣ ለጣራው አሸንዳ ማድረግ።

2ኛ/ ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮት ከፍቶ አየር ማስወጣት። «ብርድ ይመታናል» ብለን ቀኑን ሙሉ እንዘጋለን። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳም ቢሆን በቀላሉ የሚተላለፈው በተዘጋ ቤት ነው።

3ኛ/ አልጋን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ፍራሽ ፀሐይ ማስመታት፣ የእህል ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ ማኖር።

4ኛ/ ሻጋታን አፍንጫና አፍ ሸፍኖ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ከሰል ቤት ያደርቃል የሚሉ አሉ። አደራችሁን! በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ጋዙ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለእንደዚህ ያለ ሞት ድንኳን ባንተክል ይሻለናል።

በመጨረሻ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የዕድራችን ድንኳን ከለቅሶ ሲመለስ ሳይደርቅ እንዳይታጠፍ ይወሰን፤ ሸራ የሚበሰብሰው እርጥቡን ሲታጠፍ ነው። ሁለተኛ፣ በየካቲት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ወጣቶቻችን አንድ ቀን በደቦ ወጥተው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ቦይ ይቆፍሩ። ስንሞት አፈር የሚያለብሰን ጎረቤት፣ በሕይወት ሳለንም አንድ አካፋ አፈር ቢያነሳልን ምን ይከብዳል?

ፈጣሪ ሁላችንንም በጤና ያክርመን።