ስለ ውኃ ቧንቧ ልክ አወሳሰን፤ ግሸንን ምሳሌ በማድረግ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለበዓል የማይስማማ ይመስል ይሆናል፤ ጉዳዩ የቧንቧ ውፍረት ነውና። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለመግባት ያሰቡ አሉ። እነርሱም አንድ ቀን ለብቃት ምዘና ሲቀርቡ ሩቢኔት መግጠም ብቻ ሳይሆን የቧንቧውን ልክ በስሌት አውጡ ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ የመለማመጃ ጥያቄ ከመጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ ከዚሁ ከአምባሰል ወሰድን፤ ግሸን ደብረ ከርቤን።

ግሸን በገደል የታጠረ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ አምባ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ግማደ መስቀሉ እንዳረፈበት በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። የነገሥታት ልጆችም ይጠበቁበት ነበር። ለመጠበቂያ የተመረጠው ለመውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው፤ ለሰው አስቸጋሪ የሆነው መንገድ ደግሞ ለውኃም አስቸጋሪ ነው። መስከረም 21 ቀን ያን መንገድ የሚወጣው ሕዝብ እንደ ባሕር ነው፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያዘሉ እናቶችም በውስጡ አሉ።

ለስሌታችን አሥር ሺህ ምእመናን እያንዳንዳቸው 5 ሊትር እንዲያገኙ አሰብን። (እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ የወጣ ሁሉ ያውቃል።) ይህ 50,000 ሊትር ነው። ምንጩ በሴኮንድ 0.2 ሊትር ይሰጣል ብንል በቀን 17,280 ሊትር ይሆናል፤ እንግዲህ ማጠራቀሚያው መስከረም 18 ቀን ጧት መሞላት ካልጀመረ ለበዓሉ አይደርስም። ውኃውን ከአምባው ሥር ማንሣት ቢያስፈልግ ደግሞ ፓምፑ ከታች ሆኖ መግፋት አለበት እንጂ ከላይ ሆኖ መሳብ አይሆንለትም። በባሕር ጠለል አየር ውኃን ወደ 10 ሜትር ያህል ብቻ ይደግፋል፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 7 ሜትር ይወርዳል።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። ሮይ ሃንተር የተባለው አሜሪካዊ በ1940 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ዛሬም በብዙ አገር የሕንፃ ደንብ መሠረት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ በአንድ ሕንፃ ያሉ ሩቢኔቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ቧንቧው ለሁሉም ድምር ሳይሆን ከመቶ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚታለፈው ብዛት ይበቃ።

እኛም ይህን ተከትለን ሠራን። ሃያ ሩቢኔት እያንዳንዱ በሴኮንድ 0.2 ሊትር ቢሰጥ ድምሩ 4 ሊትር ነው፤ በዘዴው ወደ 1.5 ሊትር ቀነስነው። የውኃው ፍጥነት በሴኮንድ 1.5 ሜትር ይሁን ብለን ስናካፍል 36 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ አንድ ኢንች ተኩል የሆነውን ቧንቧ መረጥን። ደስ ብሎን ወረቀቱን ለመምህራችን ብንሰጣቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ቅዳሴው ስንት ሰዓት ያልቃል?»

ዝም አልን። ሃንተር ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ በየጊዜው ይከፍታሉ ብሎ ነው ያሰበው። በግሸን ግን ሕዝቡ በአንድነት ጾሞ በአንድነት ይወጣል፤ ሃያውም ሩቢኔት ሳይዘጋ ይውላል። በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ጧት ደወል ሲደወል የላይኛው ፎቅ ውኃ ለምን ይጠፋ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን። 4 ሊትሩ በዚያ አንድ ኢንች ተኩል ቧንቧ ቢገባ በመንገድ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ያድጋል፤ ከመጨረሻው ሩቢኔት የቆመችው ባልቴት ጠብታ ታገኛለች። ትክክለኛው ስሌት 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ በገበያ የሚገኘው ቀጣዩ ልክ ሁለት ኢንች ተኩል ነው።

ከዚህ በኋላ እርስ በርሳችን ተከራከርን። ሰፊውን ቧንቧ እንዘርጋ ያሉት አንድ ቀን ይረዳሉ፤ ነገር ግን በቀሩት ወራት በአምባው የሚኖሩት ጥቂት ናቸው፤ በሰፊ ቧንቧ የቆመ ውኃ ይበላሻል፤ የሰዎቹም ጤና አለ። በመጨረሻ ሁለት መሥመር ሣልን፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ቀጭን፣ አጠገቡም ለበዓል ብቻ የሚከፈት ሰፊ፣ በመካከላቸው ሳራቺኔስካ። ሰፊው መሥመር ሰው ከመጠጣቱ በፊት ታጥቦ የቆየው ውኃ መፍሰስ አለበት፤ ለማጠቢያ የሚሄደውንም ከ50,000 ሊትሩ በላይ ጨመርነው። ከዚህም የተነሣ የመሙያው ቀን ከመስከረም 18 ወደ 17 ተሳበ። ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ብቻ እስካሁን አላስማማንም፤ አንዳንዶቻችን ለደብሩ አገልጋዮች ይሰጥ እንላለን፤ ሌሎቻችን ለቧንቧ ሠራተኛው።